የሐሰት ምስክሩ ፊልም

አይ እታፈራሁ! ሽማግሌ በሚመጣበት ጠዋት ሌላ እንግዳ ይቀጠራል? ግን ምን ታድርግ፤ ልጇን ቤቴልን የሚጠይቁት ሰዎች ደጇን ሳይረግጡ ያ የፊልም ጣሳ ከቤቷ እንዲወጣላት ፈለገች።

ጣሳው ውስጥ ያለው፣ የእታፈራሁ አባት በንጉሡ ዘመን፣ በወጣትነታቸው ሐሰተኛ ምስክር ሆነው የሠሩበት የፍርድ ቤት ፊልም ነው። ሶዶ ውስጥ የሚያስታውሰው የለም፤ አሮጌ ፊልም ሰብሳቢዎች ግን ያብዱለታል። ሌላ ቅጂ አልተገኘማ! ሊገዛው ከአዲስ አበባ የመጣውን ፍሬዘርን፣ ፊልሙ አርጅቶ ያመጣው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ እንኳ አልመለሰውም።

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ምስክሩን ነው» አላት። «በሐሰት ሲምል ትወና አይመስልም።»

ይህስ መች ጠፋት! በደርግ ጊዜ ካድሬዎች ፊልሙን አይተው፣ «እንዲህ የሚያሳምን ሰው ነው የቸገረን» ብለው አባቷን ችሎት ላይ ከመጋረጃ ጀርባ በሐሰት አስመሰከሯቸው። በዚያ ቃል የገሱባው ገበሬ አምባቸው ተረሸነ። አባቷ ይህን የተናዘዙት ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ ቤቴል ያኔ ልጅ ነበረች፣ እግራቸው ሥር ተኝታ ነበር። ዛሬ ቤቴልን ለልጁ ለእስራኤል ሊጠይቅ የሚመጣው ኤርሳዶ ደግሞ የአምባቸው ልጅ ነው። ይህን ከሰማ ምን ሰርግ አለ?

«ዝም ብለህ ውሰደው» አለችው ፍሬዘርን።

«ድምፁ መኖሩን ሳላረጋግጥማ አልወስድም» ብሎ ይዞት የመጣውን ፕሮጀክተር ወደ ግድግዳው አበራ።

የአባቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ለካ ደርሰዋል! ሰው እየማለ በር አይንኳኳም ብለው፣ እስኪጨርስ ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ፊልሙ ሲቆም ኤርሳዶ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ድምፅ በልጅነቱ አባቱ ከተፈረደበት ችሎት መስኮት ሥር ቆሞ ሰምቶታል፤ እንዴት ይርሳው?

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የእትዬ አባት ናቸዋ!» አለ ፍሬዘር፣ ምንም ሳያውቅ፣ በኩራት።

ኤርሳዶ ወደ እታፈራሁ ዞረ። «አባቴን ያስገደለው ይሄ ድምፅ ነው። ታውቂ ነበር?»

እውነቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። የልጇ ሰርግ ታያትና ዋጠችው። እጇን አነሣች።

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ አላውቅም።»

የኤርሳዶ ትከሻ ረገብ አለ። ያመናት ይመስላል። አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት ቤቴል ከጓዳ ወጣች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«እማዬ» አለች፣ «አያቴ ሲናዘዙ እኮ አልተኛሁም ነበር።»