ከጎድን ወደ ክንድ

ዳልጮ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከጨንቻ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘና ዳልጮ ከላይ ተወርውሮ በቀኝ ትከሻው ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ቁስሉም ብዙ ሳይቆይ ደረቀ። ክንዱ ግን ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቹ መርፌ ይይዛሉ፣ ክርኑ ግን አይታጠፍም፣ ትከሻውም አይነሳም።

ሥራ መፍታቱ አስጨንቆታል። ከዚያ የባሰው ግን ነገሩ አልገባ ማለቱ ነው። ያልተሰበረ ክንድ ለምን እንቢ ይላል? ጣት እየታዘዘ ክርን ምን ነካው? ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲሰለቸው ጅማቱ ተቆጥቷል አለው። በከተማው ያለ ሐኪም ግን የነርቭ ጉዳይ ስለሆነ አዲስ አበባ ካልሄደ ጊዜ እንደሚያልፍበት ነገረው። ሚስቱ ዘሪቱ ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የይለፍ ወረቀት አወጣችለትና አብረው ሄዱ።

የተቀበላቸው ሐኪም ዶክተር ወርቅአፈራሁ ይባላል፤ ሃንጋሪ ተምሮ የመጣ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክንዱን የሚያዙት ነርቮች ከአንገት እንደሚወጡ፣ ሲወድቅ የላይኞቹ ሁለቱ ከነሥራቸው እንደተነቀሉ፣ የታችኞቹ ስለተረፉ ጣቶቹ እንደሚሠሩ አስረዳው። ዳልጮ ከወደቀ ወዲህ የሚያጠግብ መልስ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ የተነቀለው ይሰፋል?» አለ።

«እሱ አይሰፋም። በጎድን አጥንቶችዎ መካከል ለመተንፈስ የሚረዱ ነርቮች አሉ። ከነሱ ሦስቱን አምጥቼ ክርን ከሚያጥፈው ጡንቻ ነርቭ ጋር እሰፋቸዋለሁ።»

«የመተንፈሻ ነርቭ ክንድ ማጠፍ ያውቃል?»

«አያውቅም። ከተሳካልን ይማራል። ትከሻዎ እንደ ድሮው ይነሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ዳልጮ ነርቩ የሚሰፋበትን ክር ሳያይ ለቀዶ ጥገናው እንደማይፈርም ተናገረ። ዘሪቱ በሐፍረት አቀረቀረች። ዶክተሩ ግን በማግስቱ ጠዋት ወስዶ በማይክሮስኮፕ አሳየው። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል፤ መርፌው የሽፋሽፍት ቁራጭ ያህላል። ዳልጮ ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ሲያይ ከቆየ በኋላ የመርፌው ቀዳዳ የት እንዳለ ጠየቀ። ቀዳዳ እንደሌለው፣ ክሩ ከመርፌው ጋር ተጣብቆ እንደሚሠራ ሲነገረው ፈረመ።

ቀዶ ጥገናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ክንዱ ከደረቱ ጋር ታስሮ ከርሞ አርባ ምንጭ ሲመለስ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እንደሚያድግ ተነግሮት ነበር። ከብብቱ ስፌት እስከ ጡንቻው ድረስ በሜትር ለካ፤ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ሆነ። አምስት ወር ማለት ነው። ከዚያ በየሰኞው ሰባት ሚሊሜትር እየለካ ክንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግ ጀመር። ገላውን በታጠበ ቁጥር እንደገና ይለካል። ጎረቤቶቹ አእምሮውን የነካው ስለመሰላቸው ዘሪቱን ያጽናኗት ነበር።

ምልክቱ ጡንቻው ላይ ደረሰ። ምንም የለም። ስድስተኛው ወርም አለፈ። ዳልጮ መለካቱን ተወና ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የቃሪያው ዳጣ በርትቶበት ትን አለውና ሳለ።

«ዳልጮ፣ ክንድህ ዘለለ» አለችው ዘሪቱ።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ፣ ቆዳው ሥር። እስቲ ደግመህ ሳል።»

ዕንባው እስኪወርድ ሳለ። እሷ እጇን ጡንቻው ላይ አድርጋ ትቆጥር ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ ዘለለ።

ከዚያ ወዲያ እየሳለ፣ ኋላም አየር በኃይል እየሳበ ክንዱን ያለማምድ ጀመር። በዓመቱ ማንኪያ አፉ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ስለተዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ዳልጮ ለመዘመር አየር በሳበ ቁጥር ቀኝ ክንዱ ብድግ ይላል። አሮጊቷ ወለቴ መንፈስ ነካው ብለው አለቀሱ። ከጸሎቱ በኋላ ሸሚዙን ገልጦ ጎኑን እያሳየ ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ያም ቢሆን የእግዚአብሔር ሥራ ነው አሉ። ዳልጮም አልተከራከረም።

በሁለተኛው ዓመት ዶክተሩ ዘንድ ሲቀርብ፣ ትንፋሹን ይዞ ክርኑን እንዲያጥፍ ታዘዘ። ታጠፈ። ዳልጮ ራሱ ደነገጠ፤ መቼ እንደተማረ አላወቀም ነበር። ከዚያ ሲያብላላው የከረመውን ጥያቄ አወጣ።

«ዶክተር፣ ተኝቼም እተነፍሳለሁ። ክንዴ ግን አይነሳም፤ ቀን ጋደም ስል ዘሪቱ ተቀምጣ አይታልኛለች። ለምንድን ነው?»

ዶክተር ወርቅአፈራሁ ብዕሩን አስቀመጠ። ተኝተን ቀስ ብለን ስንተነፍስ አብዛኛውን የሚሠራው ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ መሆኑን ነገረው። «የጎድኑ ነርቭ ከትንፋሽ ተለይቶ ማጠፍን እንዴት እንደሚማር ግን» አለ፣ «እኔም በደንብ አላውቅም። እንደሚማር ብቻ ነው የማውቀው።»

ዳልጮ ይህን መልስ ከሁሉም አብልጦ ወደደው።

ትከሻው እንደተባለው ብዙም አልተነሳም። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ዝቅ አስደርጎ፣ ወንበሩን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጨርቁን በቀኙ እየገፋ መስፋት ጀመረ። በዚያ መስከረም የሴቻ ሰፈር ተማሪዎችን ዩኒፎርም ሲሰፋ ከረመ። ስለ ክንዱ የጠየቀው ሰው ግን፣ ዳልጮ ስፌቱን አቁሞ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ሲያስረዳው ስለሚውል፣ ልብሱ በቀጠሮው አይደርስለትም ነበር።