የእማማ ጽዳት ወሬ

የጋብቻ ምዝገባ ቢሮው ኮምፒውተር “ቦታ ሞልቷል” ብሎ ቀጥ አለ። ስም የሚያስገባው ባለሙያ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብሎ፣ የእያንዳንዷን ሥራ ዱካ በተርታ የሚይዘውን ትልቁን መዝገብ “የአሮጌ ወሬ ክምር!” ብሎ ደመሰሰው። ከዚያማ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ አለ። የትናንት ማታውን ቅጂ ቢመልስ፣ የዛሬ ጠዋት ሙሽሮች የሉም። ከሰዓት ወረቀታቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ! ላብ በላብ ሆነ።

“ምነው ልጄ፣ አመድ መሰልክ?” አሉት ሁልጊዜ “ወሬኛ” የሚላቸው እማማ ጽዳት፣ መወልወያቸውን ተደግፈው።

ጉዱን ነገራቸው።

“በል ጻፍ! መጀመሪያ ረጅሙ ሹፌርና አስተማሪዋ። ቀጥሎ ባሏን እየጎተተች ያስገባችው ነርስ። ከዚያ ጫማው የጠበበው አናጢና ሚስቱ።”

“አራተኞቹስ እማማ? ስማቸውን ሳስገባ ትዝ ይለኛል።”

“እነሱንማ እንዳትነካ! ሳይፈርሙ ተጣልተው ወጡ። ደረጃው ላይ ቀለበቱን ስትወረውርበት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።”

ከቀጠሮ ደብተሩ ስልካቸውን እያወጣ ለሁሉም ደወለ። ሦስቱ ልክ እማማ እንዳሉት ሆኑ። አራተኛዋ ግን “የእሱን ስም ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ!” ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

የትናንቱን ቅጂ መልሶ ሦስቱን እንደገና አስገባ። ከሰዓት ሦስቱም ጥንዶች ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። ባለሙያው ከዚያ ወዲህ ያን መዝገብ ሌላ ቦታ ሳይገለብጥ አይነካውም። እማማንም ወሬኛ ሲላቸው የሰማ የለም።