በላምባ የሚበርድ ሳጥን

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ዋሽቼ ከሆነ የነሐሴ ጊቤ ይውሰደኝ፤ ወስዶም አይመልሰኝ። ያኔ ጂማ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አላውቅም የሚል ካለ ዘመቻ ሄዶ ነበር ማለት ነው።

ስኳር በካርድ፣ ላምባ በሰልፍ በሚገኝበት በደርግ ዘመን፣ አወቱ ወንዝ ዳር ኢስሃቅ የሚባል ምድጃ ጠጋኝ ነበር። የተደፈነ የላምባ ምድጃ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወግቶ ይከፍታል፤ የፋኖስ እጀታ ይበይዳል። እጁ ጥሩ ነው። አፉ ግን ከእጁ ሁለት እጥፍ ጥሩ ነው። «እሳት ያለበት ዕቃ ሁሉ ባሪያዬ ነው» እያለ ይፎክር ነበር።

ይህ ሰው የእማማ ዘይቡን ልጅ ፈድሊያን ወደደ። እሷን መውደድ ብቻውን ሙያ አይደለም፤ የጂማ ግማሹ ወዷታል። እማማ ዘይቡ ለእርሻ ኮሌጅ ተማሪዎች እርጎ ይሸጡ ስለነበር፣ ኢስሃቅ እሷን ለማየት ሲል ሁለት ወር ሙሉ በቀን ሦስት ብርጭቆ እርጎ ጠጣ። ሆዱ እርጎ አይስማማውም። ቢሆንም ጠጣ።

አንድ ቀን ሦስተኛውን ብርጭቆ እንደ ኮሶ ውጦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «እማማ፣ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ።

«ለምን? ከማን ተጣላህ?»

«ኧረ አልተጣላሁም። ለፈድሊያ ነው።»

«እሷስ ከማን ተጣላች?»

ፈድሊያ ከጓዳ ውስጥ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ኢስሃቅ ግን ሰምቷል፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ።

እማማ ዘይቡ ጥግ የቆመውን ትልቅ ነጭ ሳጥን በአገጫቸው አሳዩት። ፍሪጅ ነው። ቡና ይነግድ የነበረ አንድ ግሪክ ሱቁ ሲወረስ ትቶላቸው የሄደ ነው። መብራት አይፈልግም፤ ከሥሩ እንደ ኩራዝ ያለ እሳት በላምባ ይለኮስና ከላይ ይበርዳል። እሳት እንዴት አድርጎ በረዶ እንደሚወልድ የጠየቀ ሁሉ ያገኘው መልስ «የፈረንጅ ሥራ» የሚል ብቻ ነው። አሁን ግን ሳጥኑ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። የበሩ ጎማ ተልጧል፤ ብርዱን አቅፎ የሚይዘውን የጀርባውን ሙሌት አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል።

«እሳት ያለበት ሁሉ ባሪያዬ ነው ትል የለ? ይኸው ባሪያህ። አብርደው» አሉ። «እርጎዬ በበጋ እየኮመጠጠ ተማሪው ሁሉ ሸሸኝ። ይህ ሳጥን ከበረደ ሽማግሌ ላክ። ካልበረደ ግን በዚህ ደጅ እንዳላይህ፤ እርጎም ሌላ ቤት ጠጣ።»

ኢስሃቅ ፍሪጅ ከፍቶ አያውቅም። ቢሆንም «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። አፉ ከእጁ ሁለት እጥፍ ነው ብያችኋለሁ።

መለዋወጫ የለም፤ ቢኖርም እሱ ዘንድ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ያለውን ሁሉ ዕቃ አደረገው። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀዶ በበሩ ዙሪያ አጣበቀ። የጭስ መውጫውን ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጠቀለለ። ለእሳቱ ክር የራሱን ሽርጥ ጫፍ ቀደደ፤ ለተሰበረው ማጠፊያ ቀበቶውን ቆረጠ። ሱሪውን በሲባጎ አስሮ ሲመጣ እማማ ዘይቡ አዩና «ይሄ ፍሪጅ እስኪያልቅ ራቁትህን እንዳትቀር» አሉት።

የቀረው የጀርባው ሙሌት ነው። ለዚህ አጋሮ ሄደ፤ የቡና መፈልፈያ ቤት ዘበኛ የነበሩትን ኦቦ ዋቅጅራን ለመናቸው። እሳቸውም ሁለት ጆንያ የቡና ገለፈት ሞሉለት።

«ደረቅ ነው፤ ደረቅ እንዳለ ተጠቀምበት» አሉት። «ከረጠበ ይናደዳል፤ ውስጥ ውስጡን ይግላል። ክምሩ ውስጥ ድንች ብትቀብር በስሎ ታገኘዋለህ።»

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ድንች ልጠብስ መሰለዎት?»

ጆንያዎቹ ወደ ጂማ በሚመለስ ጭነት መኪና ላይ ተጫኑ። የቡ ከተማ ሲደርሱ የጂማ ዝናብ ወረደባቸው፤ ሸራ የለም። ኢስሃቅ ቤቱ ሲገባ ጆንያዎቹን ቢጨምቃቸው አንድ ባልዲ ይሞሉ ነበር። ሳምንት ማስጣት ነበረበት። ግን ፍቅር ገለፈት እስኪደርቅ አይጠብቅም። ግማሽ ቀን ፀሐይ አሳያቸውና ፍሪጁ ጀርባ ውስጥ ጠቀጠቃቸው፤ በላዩ ቆርቆሮ መታበት።

ሰኞ ዕለት እሳቱን ለኮሰ። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። ለምስክርነት የተጠሩት ሼህ ቲጃኒ «ማሻአላህ» አሉ። እማማ ዘይቡም በፊታቸው ቃላቸውን ሰጡ፦ «ዛሬ ቅቤና አሥር እንቁላል አስገብቼ እዘጋለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ይከፈታል። ሳይበላሽ ከወጣ ልጄን ውሰድ።»

ፈድሊያ ቅቤውን በጣባ አስቀመጠች። ስትመለስ ጀርባዋን ሳጥኑ ላይ አሳረፈችና ቆም አለች። ኢስሃቅን አየችው፤ ከዚያ ፈገግ ብላ እንቁላል ልታመጣ ወጣች። ቆየች፤ እጅግም ቆየች።

«ልትጥዪው ነው እንዴ የሄድሽው?» ብለው እናቷ ጮኹ።

እንቁላሎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ መጣችና አስገባች። በሩ ተዘጋ። የብስክሌቱ ጎማ እንዲህ ገጥሞ አያውቅም፤ ጉንዳን አያስገባም።

ማክሰኞ ኢስሃቅ ሲመጣ የቤቱ ድመት ፍሪጁን ተደግፋ ተኝታለች። ረቡዕ የጎረቤቱም ድመት ተጨመረች። ሐሙስ አምስት ሆኑ።

«አንተ ኢስሃቅ፣ ድመት ብርድ መውደድ የጀመረችው መቼ ነው?» አሉ እማማ ዘይቡ።

«የበረዶ ሽታ ዓሣ ይመስላታል፣ እማማ።»

እንዲህ ይበል እንጂ ማንም ሳያየው የሳጥኑን ጀርባ ነክቶ ነበር። እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ያኔ የኦቦ ዋቅጅራ ድንች ትዝ አለው። ያን ቀን እርጎውን መቅመስ እንኳ አልቻለም።

አርብ ደረሰ። ሼህ ቲጃኒ ከመስጊድ መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀም መጣ፤ ሰው ሲሰበሰብ ሳያውቅ መቅረት አይወድም። ኢስሃቅ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሱሪውን በአዲስ ሲባጎ አስሮ፣ ለቀብር እንደመጣ ሰው ቆመ።

እማማ ዘይቡ በሩን ሳቡት። አልከፈት አለ። ሊቀመንበሩ አገዛቸው፤ ሁለቱ ሲስቡት ቧ! ብሎ ተከፈተ፤ እንፋሎቱም እንደ ፍል ውኃ ፊታቸው ላይ ቦነነ። ቅቤው ቀልጦ ዘይት ሆኗል። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ከውስጥ «ጪው፣ ጪው፣ ጪው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጫጩት! አንዱ ቅቤው ውስጥ ወድቆ ኖሮ፣ ለሠርግ እንደተቀባ ጸጉሩ እያብለጨለጨ ደፍ ላይ ብቅ አለ። የሼህ ቲጃኒን ጫማ አየና አንዴ ወጋ አደረገው።



«ያ አላህ!» አሉ እማማ ዘይቡ። «ፍሪጅ ጠግን ብለው ዶሮ አደረገልኝ! ተበላሸ! ሁሉም ተበላሸ! ውጣ ከቤቴ!»

ኢስሃቅ ወደ በሩ ዞረ።

«ቆይ» አሉ ሼህ ቲጃኒ። «ዘይቡ፣ ቃልሽ ሳይበላሽ የሚል ነው። እንቁላል ሲበላሽ ምን ይሆናል?»

«ይገማል።»

ሼሁ አንገታቸውን አስገብተው አሸተቱ። «ቡና ሸተተኝ፤ ቅቤ ሸተተኝ። ግማት የለም። የተበላሸ እንቁላል ደግሞ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።»

«ቅቤውስ?»

ኢስሃቅ ነፍስ ዘራ። «ቅቤውን አነጠርኩልዎ፣ እማማ!»

«አንተ ዝም በል፤ እያሸነፍን ነው» አሉት ሼሁ።

ጓድ ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «መንግሥት ምርት ይደግ ብሏል። እንቁላል አስገብቶ ዶሮ ማውጣት ዕድገት ነው። ተቃውሞ ያለው እጁን ያንሳ።»

በዚያ ዘመን ለተቃውሞ እጁን የሚያነሳ፣ እጁን የማይወድ ሰው ብቻ ነበር። ማንም አላነሳም። እማማ ዘይቡ ጫጩቶቹን በሙዳይ እየለቀሙ አንዴ ኢስሃቅን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው እግሯን እያየች ነበር፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ እማማ ዘይቡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «አላህ ያፋቅራችሁ፤ ቤታችሁ የሞቀ፣ ደጃችሁ ልጅ የሞላበት ይሁን» ብለው መረቁ።

ከኒካሁ በኋላ ነው ፈድሊያ ለኢስሃቅ የነገረችው። ያን ሰኞ ጀርባዋን ስታሳርፍ ሙቀቱ ተሰማት። ሳጥኑ እንደማይበርድ፣ ኢስሃቅም በሰው ፊት እንደሚዋረድ ገባት። ጓሮ ያቀፈችው ዶሮ ልትፈለፍል አራት ቀን ብቻ እንደቀራት ታውቅ ነበር። እንቁላሎቹን ከሥሯ አወጣችና ትኩስ የተጣሉትን ተካችላት።

«አስቀድመሽ ብትነግሪኝስ?» አላት።

«አፍህን እያወቅኩት?»

እንግዲህ ይኸው ነው። ድመቶቹም፣ ቅቤ የተቀባው ጫጩትም፣ ሁሉም የሆነ ነገር ነው። አንዲት ነገር ብቻ እኔ ጨምሬአለሁ፦ ምርቃቱን። እማማ ዘይቡ እንባም አላቀረሩም፣ እጅም አልዘረጉም። ያሉት፣ «እሺ ውሰዳት። ሳጥንህንም አብረህ ይዘህልኝ ጥፋ» ብቻ ነው።