የሸዋንግዛው ሦስተኛ ቤት

«ኧረ ደጅ አታቁሟቸው! አስገቧቸው!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል ከፍራሹ ላይ ሆነው።

የመጡት ሲኞራ ማርያ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕንፃ አስተማሪ። ካርቶን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ሸዋንግዛው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለችው አንድ ክፍላቸው በለቀስተኛ ተጨናንቃለች። ሚስቱ ዓይናለም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ሲኞራ ማርያ ካርቶኑን ከፍተው ከጣውላ የተሠሩ ሦስት ትንንሽ ቤቶች አወጡ። ሦስተኛው ግድግዳና ደረጃ ብቻ ነው።

ሸዋንግዛው የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን አዲስ አበባ ላይ አቋርጦ ነው የተሰደደው። ከሦስት ዓመት በፊት የሲኞራ ማርያን በር ሊጠግን ሄዶ፣ ግድግዳቸው ላይ የግሪንላንድ ቤቶች ንድፍ ሲያይ ያ የቀረ ትምህርት ተቀሰቀሰበት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ነበር።

«የግሪንላንድ ሰዎችን የድሮ ቤት ብታዪው!» ይላት ነበር ዓይናለምን፣ ማታ ሲመለስ። «ግማሹ መሬት ውስጥ ነው። ግድግዳው ድንጋይና አፈር፣ ጣራው የዓሣ ነባሪ አጥንት። መግቢያው ከወለሉ ዝቅ ስለሚል ብርዱ እዚያው ይቀራል፤ ቤተሰቡ አንድ መደብ ላይ ይተኛል። ኋላ በመርከብ የመጣ የጣውላ ቤት ሆነ። በመጨረሻ ፎቅ ውስጥ ከተቷቸው፤ ልክ እንደኛ ኮንዶሚኒየም።»

ሦስቱንም ዓይነት ቤት በጣውላ እያሳነሰ ይሠራ ነበር፤ ሦስተኛውን፣ ፎቁን፣ መጨረስ ግን አቃተው። «ሰው ሲሞትባቸው የት ይቀመጣሉ? እናቴ አራተኛ ፎቅ ደርሷት፣ አባዬ ሲሞት ድንኳን የምትተክልበት ደጅ አጥታ የለ?»

ዓይናለም ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ነው ይህን የምትሰማው። አንድ ዓርብ ትዕግሥቷ አለቀ። የተናገረችውን ሁሉ ሰማትና «ቫ ቤኔ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። በማግስቱ ሲኞራ ማርያ ዘንድ አልሄደም። ካንቲዬሬ ገባ፤ የሕንፃ ሥራ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ።

«ጠብቄው ነበር» አሉ ሲኞራ ማርያ በጣሊያንኛ። «አንድ ቅዳሜ እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን ለምን ቀረ?»

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። የሸዋንግዛው አክስት ናቸው፤ ከእናቱ ተቀብለው ያሳደጉትም፣ ሮም ያስመጡትም እሳቸው።

አሞት ነው ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር።

«ለምን ቀረ ነው የሚሉት» አለች ዓይናለም እንባና ንፍጧ እየወረደ። «እኔ ነኝ የላክሁት፣ እትዬ። ለማታውቀው ሰው ቤት ስትሠራ እኛ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እናርጅ ወይ? የእንጨት መጫወቻህን ተውና እንደ ወንዶቹ ሥራ አልኩት። በዚህ አፌ።»

ሲኞራ ማርያ ቋንቋው ባይገባቸውም ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ያያሉ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጥለው ሊወጡ ነው ብሎ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። እሳቸው ግን ለቀስተኛውን አልፈው ዓይናለም አጠገብ ዝቅ አሉ። ፊቷን አላዩም። የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡና አፍንጫዋ ላይ ያዙላት።

«ተናፈጪ» አሏት።