ከአጥር ውጭ የሚጣራው

ዙለይካ ጨዋታውን ስትሞክርበት የነበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደፍታው ተነሣች።

"በሩ ተንኳኳ፤ በቃኝ" አለች ሻሿን እያስተካከለች። "አላህ አንዴ አውጥቶኛል፤ በስልክ ተመልሼ አልገባም።"

"የሚያንኳኳው እኮ ሊያስወጣት የመጣ ጎረቤት ነው" አለች ሃና። ሃና ከሀዋሳ መጥታ ደብረ ታቦር ላይ ኮምፒውተር የምታስተምር ናት። ብዙ የደከመችበት የስልክ ጨዋታ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት ያገለገለችበትን ቤት ክፍል በክፍል እያስታወሰች፣ በመጨረሻ ከተቆለፈባት ዕቃ ቤት የምትወጣበት ነው።

"ለአንቺ ጎረቤት ነው። እኔ በር ስታንኳኳ የማውቀው አሠሪዬን ማዳምን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ለደግ አታንኳኳም። ቅዳሜ ሊሞክሩት የሚመጡት እንደ እኔ ያሉ ተመላሽ ሴቶች ይህን ካዩ፣ ሻይሽን እንኳ ሳይጠጡ ነው የሚበተኑልሽ።"

ዙለይካ ተሰናብታ ወጣች። ሌላዋ ተመላሽ፣ ለተሥላሴ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዕቃ ቤቱ የእሷ ነው፤ ቤሩት የተቆለፈባት፣ ለሃና አንድ በአንድ የነገረቻት። መሰሎቿ ቢያዩት እፎይ ይላሉ ብላ ነበር።

"የእኔን ክፍል አውጪው" አለች።

"እሱ ከወጣ ጨዋታው ምን ቀረው? ድምፁን ልቀይረው። ደወል ላድርገው?"

"ደወልም ያው ነው። እኛ ዘንድ ማን በር ያንኳኳል ሃናዬ? አጥሩ ጋ ቆሞ 'ቤቶች!' ይላል እንጂ።"

ሃና ሣቀች። "የአስፋልት ልጅ ምን ታድርግ!" ላፕቶፑን ሳበች። "እሺ፣ 'ቤቶች' ይበል። ካልመለሰችለትስ? ከስንት ሰከንድ በኋላ በሩን ልክፈተው?"

ለተሥላሴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። "ማታ እነግርሻለሁ። መልስ ካላገኘሁለት ግን ክፍሉን ታወጪዋለሽ።"

"እሺ" አለች ሃና ሳትወድ።

ገሳይ ላይ ከሚኒባሱ ወርዳ ወደ ወላጆቿ ቤት ዳገቱን ስትያያዘው፣ የጉና ነፋስ ፊቷን ይገርፋት ጀመር። ከቤሩት የመጣች ሰሞን ትዝ አላት። ኮቴ በሰማች ቁጥር ከጎታው ኋላ ትሸጎጥ ነበር። አንድ ቀን አባቷ ድንገት ሲገቡ እዚያው ተኮራምታ አገኟት። ከማግስቱ ጀምሮ በገዛ አጥራቸው ደጅ ቆመው "ቤቶች!" ማለት ያዙ። እናቷ "ይግቡ" ካላሉ አይገቡም። ጎረቤታቸው ደምሴ "ፈንታሁን፣ በቤትህም እንግዳ ሆንክ?" ብለው ሲያሾፉባቸው፣ "እንግዳስ ይከበራል፤ አንተን ማን ግባ ይልሃል?" ይሏቸዋል።

ቤት ስትደርስ እናቷ ድንች ይልጣሉ። ስልኳን መቃኑ ሥር አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ዛሬ አባቴ ሲጣሩ አይመልሱላቸው። መልስ ሲያጡ የሚሉትን ልቀዳ ነው።"

"ኋላ ቢቆጡ?"

"እኔ አለሁ።"

አባቷ ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ዘንጋቸው ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

"ቤቶች!"

እናቷ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቤቶች" አሉ ደግመው፣ አሁን ዝቅ አድርገው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገብተው ቢገፉት ይከፈታል። ከአጥሩ አላለፉም። በለሆሳስ ውዳሴ ማርያማቸውን ከተዉበት ሲቀጥሉ ሰማቻቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ብርድ ገደላቸው" አሉ እናቷ በሹክሹክታ።

እስከ ዛሬ ይመልሱ የነበሩት እናቷ ናቸው። ለተሥላሴ ወደ በሩ ቀና አለች።

"ይግቡ፣ አባቴ።"

ውጭ ጸሎቱ ቆም አለ። በሩ ቀስ ብሎ ተገፋ። አባቷ ገብተው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"የእናትሽን ጆሮ ዛሬ ምን ነካው?" አሉ።

ለተሥላሴ የተቀዳውን ደግማ ሰማችው። መጨረሻ ላይ ያለውን የራሷን መልስ ቆረጠችው፤ እሱን እያንዳንዷ ተጫዋች ራሷ ትበለው። ለሃና ላከችና ከሥሩ ጻፈች፦ "ክፍሉን አታውጪው። ሰከንድም አትቁጠሪ። ሳትመልስ በሩ አይከፈት። የሚጣራው ግን ከደጇ አይሂድ።"