በሐይቁ ላይ የተተከሉ ቅርንጫፎች

ኤልማ እቅፍ ሙሉ የጥድ ቅርንጫፍ አምጥታ ሬይኖ እግር ሥር ዘረገፈችው።

"በል እንግዲህ፣" አለችው፤ "የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና እስኪግል የሐይቁን መንገድ ምልክት አድርግልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ 'ሬይኖ መቼ ነው የሚተክለው?' እያለ ጨርቄን ሊያስጥለኝ ነው።"

"ሌላ ሰው ቢተክለውስ?"

"ማን? ያ ማዶ ያለው ጡረተኛ መምህር? እሱ እንኳን በረዶ ቅቤም መብሳት አይችልም!" ብላ ሳቀች።

ሬይኖ አልሳቀም። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ። ሐይቁ በረዶ ሆኖ በረጋ ቁጥር በየአሥር እርምጃው በመሰርሰሪያ እየበሳ፣ ውፍረቱን እየለካ፣ ደህና በሆነበት ቦታ ቅርንጫፍ የሚተክለው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሠርቶታል። ሬይኖ ከተከለ ማንም ደግሞ አይለካም፤ ልጆች ይሄዱበታል፣ ጎረምሶች በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተር ይነዱበታል። የኤልማ ባል ቬይኮም ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ አምኖ ነዳ። ወንዟ ከሐይቁ የምትቀላቀልበት ቦታ ሲደርስ በረዶው ከዳውና ሰጥሞ ሞተ።

አገሩ ሁሉ "ቬይኮ ቀማምሶ ምልክቱን ለቆ ወጣ" አለ። በዚያው ቀን የተነሣው ነፋስ ቅርንጫፎቹን ጠራርጎ ስለወሰዳቸው የሚያረጋግጥ አልተገኘም። ፖሊሱ ሲጠይቀው ሬይኖም "ለቆ ይሆናል" ብሎ መለሰ። ያቺ ቃል ድሮም መጠጥ የማይጠላውን ሰው በቀን አንድ ጠርሙስ ስታስጨርሰው ከረመች። አምናም አሞኛል ብሎ ቅርንጫፍ ሳይተክል ቀረ።

አሁን መጠጥ ካቆመ ዘጠኝ ወሩ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከሚሰበሰቡት መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ጋር ይቀመጣል። የምትመራቸው ዴብ የምትባል የቀድሞ ነርስ ናት፤ እሷም በጊዜዋ ጠጥታ ያቆመች። "በአራት ሳቡ፣ በስድስት ልቀቁ" እያለች ታስተነፍሳቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሬይኖ አሹፎባት ነበር፤ "መተንፈስማ ከእናቴ ሆድ ከወጣሁ ጀምሮ አውቅበታለሁ!" ብሎ። ውሎ አድሮ ግን እንቅልፍ የሰጠው እሱ ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ ዴብ ለብቻው ጠርታ፣ "እስትንፋሱ ያረጋጋሃል እንጂ አፍ ሆኖ አይናገርልህም" አለችው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ሬይኖ።"

መሰርሰሪያውን አነሣ። መጠጥ ቤቱ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው፤ ይህ ሐሳብ ሳይጠራ መጣ። መሰርሰሪያውን መልሶ አስቀመጠና ሳውናው ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በአራት ሳበ፣ በስድስት ለቀቀ። ኤልማ የውኃ ባልዲ ይዛ መጣች።

"ምነው፣ አመመህ እንዴ?"

"ፈራሁ" አላት። በዕድሜው ሙሉ ለሰው ብሎት የማያውቀው ቃል ነው። "ኤልማ፣ ቬይኮ ምልክቱን አልለቀቀም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅርንጫፎች ሳልበሳ ነው የተከልኳቸው። ስጠጣ አድሬ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በዓይኔ ገምቼ ተከልኩና ቤቴ ገባሁ። እሱ የእኔን ቅርንጫፍ ተከትሎ ነው የገባው።"

ኤልማ ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"እኔ እኮ፣" አለች፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ ስረግመው ነበር። መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ 'አንተ ሰካራም፣ ምን አስወጣህ ከመንገዱ!' እያልኩ። አንድ አበባ አላስቀመጥኩለትም። በእልህ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! ዝም በል!"

እግሩ ወደ መኪናው ሊሮጥ ቃጣው፤ ቢሆንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ኤልማ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማና ሬይኖም አብሮ አለቀሰ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። የሳውናው ጭስ መሳሳት ሲጀምር ኤልማ የቬይኮን ካፖርት ለብሳ፣ የበረዶ መለኪያውን ዱላ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ዛሬ ከአንተ ጋር ሳውና አልገባም" አለችው። "ለሌላውም ቀን እንጃ። ግን ሰው በዚህ ሐይቅ ላይ መሄዱ አይቀርም። ተነሥ።"

ሐይቁ ላይ ወጡ። እርምጃውን እሷ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች፤ አሥር ሲሞላ እሱ ይበሳል፣ ይለካል፣ ይተክላል። ወንዟ አጠገብ ሲደርሱ ሬይኖ ቆመ።

"ከዚህ አካባቢ ነው—"

"የት እንደሆነ አልጠፋኝም። ብሳ።"

መሰርሰሪያው ገና ከመያዙ ሰጠመና ውኃ ፈልቆ ወጣ። ሬይኖ ዱላውን ነከረ። "ሁለት ኢንች" አለ። ዱካቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱና ወንዟን ርቀው በድንጋያማው ዳርቻ በኩል ዞሩ። እዚያም እንደገና በሳ።

"ሰባት ኢንች።"

ኤልማ ቅርንጫፍ ዘረጋችለት። በሃያ ዓመት ውስጥ የሬይኖን ልክ ደግሞ የለካ ሰው የለም። እጁን ወደ ቅርንጫፉ ሰደደና መለሰው። በምትኩ ዱላውን አቀበላት።

"የእኔን ቃል አትመኚ" አላት። "ራስሽ ለኪው።"

ኤልማ አየችው። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች፣ በረዶው ላይ ተንበረከከችና ዱላውን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። ሁለት ጊዜ ለካች።

"ሰባት" አለች፤ ቅርንጫፉንም ሰጠችው። "ትከል።"