ቆጣሪው ሳይሞላ

የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ኃላፊ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የሚሠራ ነገር አይነካም። ሠራተኛው በዚህ የተነሣ «አይነኬ» ብሎ ቢጠራው ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ጀመር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን መሐንዲሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ከሁሉም ደህና የሚሠራውን ማሽን እናጥፋው አለችው።

ማሽኑ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቧንቧ ወደ ሕሙማን ክፍል ይልካል። ሁለት ታንኮች አሉት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ ከዚያ «ጠቅ» ይልና ተራ ይቀያየራሉ። ተራውን የምታዘው በሆዱ ያለች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ናት። ከበራችበት ቅጽበት ጀምሮ የሰከንድ ሽርፍራፊ ትቆጥራለች። የሠራት ሰው ግን ለቁጥሩ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንድ ወር ተኩል አለፍ ሲል ይሞላና ዜሮ ይሆናል።

ይህን ለዓመታት ያወቀ አልነበረም፤ መብራት በየሳምንቱ ይጠፋ ነበርና። መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። አገር ምድሩ ሲረግመው የኖረው መብራት መጥፋት ለካስ ደመወዝ ሳይጠይቅ ጥገና ሲሠራ ኖሯል። የዛሬ አንድ ወር ተኩል ግድም ግን አይነኬ ባትሪ አስገጠመ፤ ተጨበጨበለት፤ ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ቁጥሩ የሚሞላው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

መሐንዲሷ በመለዋወጫው ኮምፒውተር ሞክራዋለች። ቆጣሪውን ወደ መጨረሻው ገፍታ ብታይ፣ ዜሮ ሲሆን ኮምፒውተሯ የቅያሪው ሰዓት ገና ያልደረሰ መስሏት ቀጥ አለች። የማስጠንቀቂያ ደወሉም በዚያው ቆጣሪ ስለሚመራ ትንፍሽ አላለም። ጅብ ከሄደ በኋላ እንኳ የማይጮህ ውሻ ማለት ይኸው ነው።

አይነኬ መለዋወጫው ራሱ ታሞ ይሆናል ባይ ነው። ደግሞስ እስከ ትናንት የሠራ ማሽን ዛሬ ምን ቆርጦት ይቆማል? ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ አያት። አባቷ፣ ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ ከዚያ ቧንቧ ጫፍ ላይ እየተነፈሱ እንደሆነ ያውቃል።

«አባትሽ እዚያ ባይተኙ እንዲህ ትጣደፊ ነበር?»

«ምናልባት አልጣደፍም ነበር» አለች። «ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ። አሁን የኦክስጅን ሲሊንደር አለን። ሲስተርም ተዘጋጅታለች።»

ኃላፊነቱን ትወስጂያለሽ ወይ ሲላት እወስዳለሁ አለች። ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው ተገኝቶ አይነኬ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ሲስተሯ ሕሙማኑን አንድ በአንድ ወደ ሲሊንደር አዛወረች። አባትዬው ቱቦው ሲነቀል በሚቆራረጥ ድምፅ ጎማ ልትቀይሩልኝ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ነዳጅ ብቻ ነው አባዬ ብላ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣች።

ማሽኑ ጠፋ። ዝምታው አስፈሪ ነበር። አሮጌው ፕሮግራም «ሰዓቱ ደርሷል?» እያለ ነበር የሚጠይቀው፤ መሐንዲሷ የጻፈችው አዲሱ ግን «ከመጨረሻው ቅያሪ ወዲህ ምን ያህል አለፈ?» ይላል። እንዲህ ሲሰላ ቁጥሩ ዜሮን ቢሻገርም ልዩነቱ አይዛነፍም። ፕሮግራሙን ጭና ስታበቃ ቆጣሪውን ከዜሮ አላስነሣችውም፤ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ የቀረው ቁጥር ላይ አድርጋ አስነሣችው።

አይነኬ ስክሪኑን አይቶ ደም ሥሩ ተገታተረ። «አስተካክለሽው የለም እንዴ? የሸሸነውን ነገር በእጅሽ ትጎትቺዋለሽ?»

«ከሄድን በኋላ ከሚመጣ ቆመን ሳለን ይምጣ» አለች። «አባቴ እዚያ ተኝቶ የራሴንም ሥራ አላምንም።»

ሲስተሯ ብቅ ብላ የሲሊንደሮቹ የግፊት መለኪያ መርፌ እየወረደ መሆኑን ነገረቻቸው። ቁጥሩ ወደ ጫፉ ሮጠ፤ ሞላ፤ ዜሮ ሆነ። ተረኛው ታንክ ማፏጨቱን ቀጠለ። መሐንዲሷ እጇ ማጥፊያው ላይ ነው፤ አይነኬ ከንፈሩን ነክሷል። ማፏጨቱ ረዘመ፤ እሷ ከምታውቀው ሁሉ የረዘመ መሰላት።

ጠቅ።

ሲስተሯ በሉ ሕሙማኑን ልመልስ ብላ ዘወር ስትል አይነኬ ክንዷን ያዛት።

«ቆይ፣ እህቴ» አለ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከታንኮቹ ሳይነቅል። «ሌላኛውም ተራውን ይጨርስ።»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየችው። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ፤ ሌላኛውም ታንክ ተራውን ጨርሶ «ጠቅ» አለ።